የፎቶ አንሺዋ ፊት

የሰፈሩ ሰው እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ከረሳው ቆይቷል። «እትዬ ፈገግ» ነው የሚላት። ጥፋቱ የራሷ ነው። ፎቶ ቤቱን ከከፈተች ጀምሮ የገባውን ሁሉ፣ ለጉርድ ፎቶ የመጣውንም፣ ሙሽራውንም፣ ጡት ፈልጎ የሚያለቅሰውን ሕፃንም «እስቲ ፈገግ!» ሳትል አንስታ አታውቅም። «ኧረ እትዬ፣ ይሄ ለመታወቂያ ነው፤ መሳቅ አይፈቀድም» የሚላት ሲመጣም፣ «በዓይንህ ፈገግ በላ! ዓይንን ማን ይከለክለዋል?» ትለዋለች። ያኔ ሰውየው ሳይወድ በግዱ ይስቃል፤ እሷም ቀጭ አድርጋ ታነሳዋለች።

ፎቶ ቤቱ በመድኃኒት ቤቱና በጫማ ቤቱ መሀል የተሸጎጠ ጠባብ ክፍል ነው። ከፊት ባንኮኒ፣ ኮምፒውተርና ማተሚያ አለ። ከባንኮኒው ኋላ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ማንሻው ክፍል ነው። ነጭና ሰማያዊ ጨርቅ የተወጠረበት ግድግዳ፣ ሁለት የመብራት ጃንጥላ፣ መሀል ላይ መደገፊያ የሌለው ዱካ። ከዱካው በስተቀኝ ወደ ጓሮ የሚያይ መስኮት ነበረ፤ ብርሃኑ ሥራ እያበላሸባት ገና ድሮ በካርቶን ደፍናዋለች።

ማን በየት በኩል ቢነሳ እንደሚያምርበት፣ ሰውየው ዱካው ላይ ሳይቀመጥ ታውቃለች። የራሷን ግን ጠይቋት፤ አታውቀውም። ቤቷ ግድግዳ ላይ ልጆቿ ሲመረቁ፣ ታናሽ እህቷ ስትዳር፣ ባሏ ሱቁን ሲያስመርቅ የተነሱ ፎቶዎች ተደርድረዋል። በአንዳቸውም እሷ የለችም። አንዱ ላይ ብቻ፣ ፀሐይ ከጀርባዋ ነበረችና፣ ከታች በኩል ጥላዋ ይታያል። ባሏ ሶፋ ሠሪ ነው፤ ጨዋታ ካልተጫወተ ምግብ አይረጋለትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጥላው እየጠቆመ፣ «ባለቤቴን ተዋወቋት፤ እዚህ ላይ ትንሽ ጠቁራ ነው የወጣችው» ይላል።

«ምን ላድርግ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሆነብኝ» ትላለች እሷ። ነገሩ ግን እንደዚያ ብቻ አልነበረም። ሌንስ ወደ እሷ የዞረ እንደሆነ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይሸሻል፤ «ስጭኝ፣ እኔ ላንሳ» ብላ ካሜራውን ከሰው እጅ ትቀማለች።

አንድ ቀን ጠዋት ሻይዋን ፉት ስትል ሻዩ በከንፈሯ ጥግ ተመልሶ አገጯ ላይ ወረደ። ጠረገችውና ደግማ ፉት አለች። ደግሞ ወረደ።

ባሏ ዳቦውን እያኘከ ቀና ብሎ አያት። «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን የምታጣምሚብኝ? ገና በማለዳው ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጣመምኩም» ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን የተኮላተፈ ነገር ሆነ። ባሏ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ቀጥ አለ። እሷ ተነሥታ መስታወት ፊት ሄደች። ግራው ፊቷ የምታውቀው ፊት ነው፤ የደነገጠ፣ ቅንድቡ የተሰቀለ። ቀኙ ግን ወሬውን ያልሰማ ይመስል ረጋ ብሎ ተቀምጧል። ዓይኗን ጨፈነች፤ የግራው ተጨፈነ፣ የቀኙ አፍጥጦ ቀረ።

ሶፋ ሠሪው ጫማውን ያለ ካልሲ አጥልቆ ሐኪም ቤት አደረሳት። በመንገድ ላይ እጇን ጨብጦ አንዲት ቀልድ እንኳ አልወጣውም፤ እሷን ይበልጥ ያስፈራት ይኸው ነው።

ሐኪሙ ግንባርሽን ሰብስቢ፣ ጥርስሽን አሳዪ፣ ጉንጭሽን ንፊ፣ እጅሽን አንሺ፣ ሂጂ፣ ተመለሺ አላት። ከዚያ ወንበሩን ሳበና፣ «አይዞሽ» አለ፤ «አንጎልሽ ደህና ነው። የፊት ነርቭ ነው የታመመው። ብዙው ሰው ይሻለዋል። ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነርቭ አይቸኩልም።» ክኒን አዘዘላት፣ ለዓይኗ ጠብታ ሰጣት፣ ስትተኛ ዓይኗን በፋሻ እንድትሸፍን ነገራትና የፊት እንቅስቃሴ ወደሚያሠሩበት ፊዚዮቴራፒ ክፍል መራት።

ጥቂት ቀን አርፋ ሥራ ገባች። ቤት ውላ የጎረቤት «እግዜር ይማርሽ» መቀበሉ ይበልጥ አድክሟታል። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ሊጋቡ የተቃረቡ ወጣቶች ነበሩ። አስተካክላ አስቀመጠቻቸው፣ ብርሃኑን ለካች፣ ካሜራው ጋ ጎንበስ አለችና እንደ ልማዷ «እስቲ ፈገግ!» አለች። አለች ልበል እንጂ አላለችም። «ፈ» የምትባለው ፊደል ለካ ሁለቱን የከንፈር ጎን ትፈልጋለች። በቀኙ ጥግ ነፋስ ሾልኮ «እስቲ ኸገግ» ሆኖ ወጣ።

ልጆቹ ተያዩ። መሳቅም አለመሳቅም ጨነቃቸው። እሷ ምንም እንዳልተፈጠረ አንስታ ሸኘቻቸውና መጋረጃውን ዘግታ ዱካው ላይ ቁጭ አለች። ስልኳን አውጥታ ታናሽ እህቷን ጠራቻት።

ታናሿ ቀልጣፋ ናት። ኮምፒውተር ላይ እጇ እንደ መብረቅ ነው፤ ደንበኛ ማናገርም ታውቅበታለች። በማግሥቱ መጥታ ባንኮኒውን ያዘች። እትዬ ፈገግ አፏን በሻርፕ ሸፍና ከኋላ ፎቶ መቁረጥና ማሸግ ጀመረች። «እትዬ የታለች?» ሲባል ታናሿ «ጉንፋን ይዟት ነው» ትላለች። ጉንፋኑ ረዝሞ ወር ሞላው።

የፊዚዮቴራፒዋ ባለሙያ እጅጌዋን ጠቅልላ የምትሠራ፣ ንግግሯ ፊት ለፊት የሆነ ወጣት ሴት ናት። «እንቅስቃሴውን መስታወት ፊት ነው የሚሠሩት?» አለቻት አንድ ቀን።

«መስታወት አልወድም።»

«እንግዲያው ፎቶ ይነሡ። አልፎ አልፎ አንድ አንድ። ለውጡን እናይበታለን።»

«እኔ? እኔ እኮ ፎቶ አንሺ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ቸገረዎት? አንሺ ፍለጋ አይሄዱ!»

በማግሥቱ ታናሿ ሳትመጣ በፊት ፎቶ ቤቱን ከፍታ ገባችና ከውስጥ ቆለፈች። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቆመች። ችግሩ ሌንሱን በማን ላይ ታስተካክል? ዱካው ላይ የሚቀመጠው ሰው እሷው ናት። መወልወያውን አመጣችና ገልብጣ ዱካው ላይ አስደገፈችው፤ የባሏን ባርኔጣ ጫፉ ላይ ደፋችበት። በሱ ላይ አስተካከለች። ከዚያ ሰዓት ሞላችለት፤ ካሜራው ትንሽ ቆይቶ በራሱ ያነሳል። ቁልፉን ተጭና፣ ሮጣ፣ መወልወያውን ገፍትራ ልትቀመጥ ስትል ቀጭ አለ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የወጣው የቀሚሷ ጀርባና በአየር ላይ ያለ ባርኔጣ ነው።

ሁለተኛው ላይ ግን ተቀምጣ ነበር። ሄዳ አየችው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው፤ ወዲያው አጠፋችው። የሚቀጥለውንም አጠፋች። ባለሙያዋ «የታለ ፎቶው?» ስትላት እውነቱን ነገረቻት።

«እትዬ፣ ማየት ካልፈለጉ አይዩት» አለች ልጅቷ የእትዬ ፈገግን አገጭ በጣቶቿ እያሸች፤ «ማጥፋቱን ግን ይተዉት። ማንሳት ሌላ፣ ማየት ሌላ።»

ይህቺ ቃል አእምሮዋ ውስጥ ቀረች። ማንሳት ሌላ፣ ማየት ሌላ። ዕድሜዋን ሁሉ ሁለቱን ለያይታ አታውቅም፤ ታነሳለች፣ ወዲያው ታያለች፣ ካልጣማት ትደግማለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ታነሳና ሳታይ ካሜራውን ትዘጋዋለች። ጠዋት ከሥራ በፊት አንድ ፎቶ፤ በቃ።

ሳታይ መተው ስትጀምር አንድ ነገር መጣ። ቁልፉን ተጭና ዱካው ላይ ከተቀመጠች በኋላ፣ ካሜራው ላይ ያለችው ትንሿ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ስትቆጥር፣ ምንም የሚሠራ ነገር የላትም። ብርሃን የሚያስተካክል የለ፣ ኮሌታ የሚያቃና የለ፣ ፈገግ በል የሚባል የለ። መቀመጥ ብቻ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ በዚያች ትንሽ ጊዜ ፊቷን ልታሰናዳ ትታገል ነበር፤ ቀኙን በጉልበት ልታነሳ፣ ግራውን ልታስታግስ። ማንም የማያየው ነገር ከሆነ ለማን ብላ? ተወችው። ሲተዉት ጊዜ ሌላ ነገር መሰማት ጀመረ። የመድኃኒት ቤቱ የብረት መዝጊያ እየተንኳኳ ወደ ላይ ሲጠቀለል፣ የጫማ ቤቱ ሰውዬ ደጁን ሲጠርግ፣ ከዚያ ሁሉ በታች ደግሞ የራሷ ትንፋሽ፣ ገባ ወጣ ሲል። አንድ ቀን ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር መድረሱን አወቀችበት። ለካ ዘመኗን ሙሉ እዚያ ሰቅላው ኖራለች። ቀስ ብላ አወረደችው። ሰው ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ረጅም መንገድ ሲሄድ ውሎ ሲያወርደው እንዴት ነው? እንደዚያ ሆነላት።

ከዚያ በኋላ ጠዋቱን መናፈቅ ጀመረች። ባሏ «ደግሞ ወዴት ነው በዚህ ማለዳ?» ሲላት፣ «ቀጠሮ አለኝ።» «ከማን ጋር?» «ከአንዲት ሴትዮ ጋር።» «ቆንጆ ናት?» «ገና አላየኋትም።»

አንድ ቀን መብራት ሄደ። ጃንጥላዎቹ ጨለሙ፣ ማንሻው ክፍል ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ተመልሳ ልትወጣ ነበር፤ ግን ጠዋቷን ማጣት አልፈለገችም። ወደ መስኮቱ ሄደችና ያንን አሮጌ ካርቶን በጥፍሯ ያዘችው። ማጣበቂያው ደርቆ ነበርና አንዴ ስትስበው ከነአቧራው ተገንጥሎ ወደቀ። የጓሮው ብርሃን ገባ። እሳት የመሰለ ብርሃን አይደለም፤ ግድግዳ ነክቶ የመጣ፣ ለስላሳ፣ ወተት መሳይ ነው። ዱካው ላይ ተቀመጠች። የቀኝ ፊቷ፣ ያ የታመመው፣ ወደ መስኮቱ ሆነ። ዱካውን ልታዞረው አሰበችና ተወችው። ብርሃኑ የፈለገውን ያድርግ።

የዚያን ቀን መብራት ሲመለስ ፎቶውን አየችው። እሱን ብቻም አይደለም፤ የተጠራቀመውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጣ አንድ በአንድ አየች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለካ ፊትም ባዳ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለችው ሴት ተቆጥታለች፤ ካሜራውን እንደ ባለጋራ ነው የምታየው። ቀጥሎ ያለችው ፈርታለች። ወረድ ሲል ደግሞ የደከማት ሴት አለች፤ መድከሟን የማትደብቅ። በአንዱ ፎቶ ላይ አውራ ጣቷን በአራቱ ጣቶቿ ውስጥ ሸሽጋ ጨብጣለች። አባቷ እንዲህ ነበር የሚቀመጡት፤ ካለፉ ስንት ዘመናቸው፣ እጃቸው ግን እዚህ ጭኗ ላይ ቁጭ ብሏል። ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

የመስኮቱን ፎቶ ስታይ ግን ረጅም ጊዜ ቆየች። ቀኙ ፊቷ አስቀያሚ አልነበረም። ያረፈ ፊት ነው። ግራው ዛሬም እንደ ልማዱ ለደንበኛ ፈገግ ለማለት አሰፍስፏል፤ ቀኙ ግን ሥራ አቁሞ፣ ዓመት ፈቃድ ወጥቶ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ይህን ፊት ታውቀዋለች። ብቻዋን ስትሆን፣ ማንም ሳያያት፣ ልብስ ስታጥፍ የሚኖራት ፊት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ አየችው።

ነርቩ ሐኪሙ እንዳለው አልቸኮለም፤ ግን መጣ። አንድ ቀን ዓይኗ ያለ እጅ እርዳታ ተጨፈነ። ሌላ ቀን ሻዩ ሳይመለስ በጉሮሮዋ ወረደ። ባሏ በር ላይ የሶፋ ስፖንጅ እየቆረጠ ሳለ አጠገቡ ቁጭ ብላ ፊደል ትለማመዳለች።

«ፈ» አለች።

መቀሱ ቆመ። «ድገሚው እስቲ።»

«ፈሪ!»

«ሌላስ?»

«ፈዛዛ! ፈላጭ ቆራጭ! ፋራ!»

«ተመስገን» አለ ባሏ ስፖንጁን ወርውሮ፤ «ስድቧ ተመለሰልኝ!»

የቀኝ ከንፈሯ ጥግ ብቻ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ስትስቅ ከግራው ወደ ኋላ ቀረት ይላል። ሐኪሙ «ይሄ እንዲህ ሊቀር ይችላል፤ ሊመለስም ይችላል» አላት። «ይሁን፤ በሩን ክፍት እተውለታለሁ» ብላ ወጣች።

ወደ ባንኮኒው የምትመለስበት ቀን ታናሿ ድግስ ቢጤ አዘጋጅታ ጠበቀቻት። ባሏ አለ፣ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ አለች፣ የጫማ ቤቱ ሰውዬ አለ። ከባንኮኒው በላይ ግድግዳው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ነገር ተሰቅሏል። ታናሿ «በሉ አጨብጭቡ!» ብላ ጨርቁን ሳበችው።

በወርቅማ ፍሬም ውስጥ ያለችው እትዬ ፈገግ ናት። ከኮምፒውተሩ ውስጥ አንዱን የጠዋት ፎቶ አግኝታ ነው ታናሿ የሠራችው። የታመመውን ግማሽ ቆርጣ ጥላ፣ ደህናውን ግማሽ ገልብጣ በቦታው አስገብታለች። ስፌቱ አይታይም። ሁለቱም ከንፈር እኩል ይስቃል፣ ሁለቱም ቅንድብ እኩል ተነሥቷል። እትዬ ፈገግ ግራ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ምልክት አለቻት። አሁን በቀኙም ጉንጭ ላይ ትክክለኛ መንትያዋ ተቀምጣለች።

«ውይ ስታምሪ!» አለች የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ። ሁሉም አጨበጨበ። ባሏ ብቻ አንዴ ፎቶውን አንዴ ሚስቱን እያየ ጭንቅላቱን አከከ።

እትዬ ፈገግ እህቷን አቅፋ ሳመቻት፤ የተቆረሰውን ኬክ በላች፤ እንግዶቹን ሸኘች። ሱቁ ሊዘጋ ሲል ግን ወንበር ላይ ወጣችና ፍሬሙን አወረደችው።

ታናሿ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። «ምነው እታለም? አልወደድሽውም?»

«ቆንጆ ናት። ግን ማን እንደሆነች አላወቅኋትም።»

«አንቺ ነሻ! ስንት ቀን የለፋሁበት!»

«ልፋትሽንማ አይቼዋለሁ። እኔን ግን አላየሁም። እንዲህ ሆኜ አላውቅም እኮ፤ ከመታመሜ በፊትም እንዲህ አልነበርኩም።»

ታናሿ ፊቷ ቀላ። «ለሰው ሁሉ ስታደርጊው የኖርሽው አይደለም እንዴ? የማንን ጠባሳ ሳታጠፊ ቀረሽ? የማንን መጨማደድ ሳታለሰልሺ? እኔን ያስተማርሽኝስ ማን ሆነና ነው? ለራስሽ ሲሆን ጊዜ ነውር ሆነ!» ብላ በሩን ወርውራ ወጣች።

እትዬ ፈገግ ፍሬሙን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። እህቷ የተናገረችው ሐሰት ቢሆን ኖሮ ባልከበዳት። እውነት ነው። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት፤ እሱንም ታውቃለች። አንዲት ባልቴት ግን ትዝ አሏት። አሳምራ የሠራችውን ፎቷቸውን ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው፣ አቅርበው፣ «ይቺ ልጄ ናት?» ብለው ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ተሳሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ዛሬ ግን እሷ ያ ጥያቄ ቀልድ መሆኑን ተጠራጠረች።

እህትማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ታናሿ ሥራ አልመጣችም፤ ስልክም አታነሳም። ሶፋ ሠሪው ሁለቱንም እየዞረ፣ «ላኩራፊ ምሳው እራቱ ነው፤ እኔ ግን ሳላኮርፍ ለምን ምሳ ይቀርብኛል?» እያለ ሊያስቃቸው ሞከረ፤ አልሆነለትም።

በመጨረሻ ታናሿ ባትሪ መሙያዬን ረስቼዋለሁ ብላ መጣች። ባትሪ መሙያ በየሱቁ እንደሚሸጥ ሁለቱም ያውቃሉ። ቀዝቀዝ ብላ ሰላም አለችና ባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብላ መፈለግ ያዘች።

«ተይው እሱን» አለች እትዬ ፈገግ፤ «ነይ ወደዚህ።» መጋረጃውን ገልጣ ወደ ማንሻው ክፍል አስገባቻት። ዱካው ላይ አስቀመጠቻት፤ በቅርቡ የገዛችውን፣ ካሜራውን ከሩቅ የሚያዝ ትንሽ ሪሞት መዳፏ ላይ አኖረችላት።

«ምን ላድርግ?»

«ምንም። እኔ እወጣለሁ። ደስ ሲልሽ ተጫኚው፤ ካላለሽም ተይው። አላይብሽም።»

«ለምኑ ነው?»

«እኔ እንጃ። ለእኔ ጥሩ ሆኖልኛል።»

ወጥታ መጋረጃውን ዘጋችና ባንኮኒው ጋ ተቀመጠች። ታናሿ ከልጅነቷ ጀምሮ ፎቶ ላይ ጥርሷን አሳይታ አታውቅም። ፊት ለፊት አንዱ ጥርሷ ተደርቦ የበቀለ ነው፤ ስትስቅ በእጇ ትሸፍነዋለች። ስልኳ ላይ ያሉት ፎቶዎች ሁሉ ከንፈራቸው ግጥም ያለ፣ ቆዳቸው እንደ ሸክላ የለሰለሰ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ መጀመሪያ ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ በላይ በላዩ ሲነሳ ተሰማ። ቀጥሎ የብቻ ሳቅ። ከዚያ ዝም አለ። እትዬ ፈገግ ለማጮለቅ ብድግ አለችና፣ አላይብሽም ማለቷ ትዝ ብሏት ተመልሳ ተቀመጠች። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዲት ቀጭ።

ታናሿ መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ዓይኗ እርጥብ ነበር። «ነይ እይልኝ» አለች፤ ራሷ ጠራቻት።

አብረው አዩት። የመጀመሪያዎቹ እንደ ስልኳ ፎቶዎች ናቸው፤ አገጭ ዝቅ፣ ዓይን ገርበብ፣ ከንፈር ግጥም። መሀል ላይ በራሷ ስቃ እጇ ወደ አፏ ሲሮጥ የተያዘችበት አለ። የመጨረሻው ላይ ግን ወደ መስኮቱ ዞር ብላ፣ እጇ ጭኗ ላይ ወድቆ፣ አፏ በትንሹ ተከፍቷል። የተደረበችው ጥርስ ብርሃን ይዛለች።

«እማዬን መሰልኩ» አለች ታናሿ በቀጭን ድምፅ።

«ኧረ አንቺስ አንቺን ነው የመሰልሽው።»

ታናሿ አፍንጫዋን ጠረገች። «ፎቶሽን ያበላሸሁት ላስደስትሽ ብዬ ነበር እታለም።»

«አውቃለሁ። ችግሩ ማርያም አንዴ ብትስመኝ አንቺ ደገምሽው።»

ታናሿ ጥግ ላይ ወደ ቆመው ፍሬም ዞር ብላ ሁለቱን ጥቁር ምልክቶች አየች። እስከዚያ ቀን ልብ አላለቻቸውም ነበር። ሳቋ አመለጣት፤ ሁለቱም ባንኮኒው ላይ ተደግፈው እስኪደክማቸው ሳቁ። ለፎቶ የመጣ አንድ ሰውዬ በሩን ከፍቶ አያቸውና፣ «ልመለስ እንዴ?» አለ።

ነገሩን ለሰው ሁሉ እናድርገው ያለችው ታናሿ ናት። ከበሩ ላይ በትልቁ ጽፋ ለጠፈችው፦ «ከፈለጉ ራስዎ ራስዎን ያንሱ።» ሶፋ ሠሪው በበኩሉ፣ «ሰው በዚህ ቀጥ ባለ ዱካ ላይ ተቀምጦ እንዴት ነው ከራሱ ጋር የሚታረቀው?» ብሎ የክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ሠራ። ውስጡን ስፖንጅ ጠቀጠቀ፣ አረንጓዴ ጨርቅ አለበሰው፤ መስኮቱ ጋ አስቀመጡት።

ጉርድ ፎቶ ፈላጊው እንደ ድሮው ይመጣል፤ እትዬ ፈገግም እንደ ድሮው «እስቲ ፈገግ!» ትላለች፤ ፊደሏ ሙሉ ሆኗል። ጠባሳዬን አጥፊልኝ ያላትን ታጠፋለታለች፤ ሳይጠይቃት ግን አትነካም። አልፎ አልፎ ደግሞ በሩ ላይ ያለውን አንብቦ እያፈረ የሚገባ ሰው አለ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ጋውኗን ሳታወልቅ ገብታ፣ አውልቃ በእጇ ይዛው ወጣች፤ «ያለ እሱ እንዴት እንደምመስል ጠፍቶብኝ ነበር» አለች። አንድ ታክሲ ነጂ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ አንድም ሳያነሳ ወጣና፣ «በጣም ጥሩ ነበር፤ አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ። አንዲት ሙሽራ ከሠርጓ በፊት መጥታ፣ «ነገ ሁሉም ሰው ያየኛል፤ ዛሬ እኔ ልየኝ» አለች። እትዬ ፈገግ ካልጠሯት በቀር የማንንም አታይም።

የራሷን የጠዋት ቀጠሮ ግን አልተወችም። ሪሞቱን ለደንበኞቿ ትታ እሷ በድሮው በካሜራው ሰዓት ነው የምትነሳው፤ ያችን የመጠበቅ ጊዜ ትወዳታለች። አንዳንድ ቀን እጇን ብቻ ታነሳለች፤ አንዳንድ ቀን ፀጉሯ ውስጥ የወጣውን ሽበት። ስትቆጣም ታነሳለች፣ ደስ ሲላትም።

ባሏ ለረጅም ጊዜ አሻፈረኝ ብሎ ቆየ። «እኔ ፊቴን በደንብ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ እላጨዋለሁ» ይላል። አንድ ከሰዓት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ግን ማንም ሳይለምነው ሪሞቱን ከባንኮኒው ላይ አንስቶ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። እህትማማቾቹ ተጠቃቀሱ። ሰውየው ቆየ። ካሜራው በየጊዜው ቀጭ ይላል፣ ደግሞ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቀጭ ይላል።

«ምን እያሰበ ይሆን?» አለች ታናሿ በሹክሹክታ።

«ተይው፤ ከራሱ ጋር ይነጋገር» አለች እትዬ ፈገግ፤ ልቧ ግን ተነክቷል። ስንት ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ረጅም ዝም ሲል ሰምታው አታውቅም።

ቀጥሎ የተሰማው ግን ማንኮራፋት ነው።

ገብተው አዩት። አረንጓዴው ወንበር ውስጥ ሰጥሟል፤ ባርኔጣው አፍንጫው ላይ ወርዷል፤ ሪሞቱ በመዳፉና በክንድ ማሳረፊያው መሀል ተጣብቆ፣ በተነፈሰ ቁጥር እየተጫነው ነው። ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ሲያዩአቸው የመጀመሪያው ላይ እንደ ሹም ተኮፍሷል። ከዚያ ኮስታራነቱ ይላላል፣ ቅንድቡ ይወርዳል፣ ዓይኑ ይከብዳል፣ ራሱ ወደ ጎን ይዘማል፤ በመጨረሻዎቹ ላይ አፉን ከፍቶ፣ ብርሃኑ ጉንጩ ላይ አርፎ፣ እንደ ሕፃን ተኝቷል።

በሳቃቸው ነቃና ዓይኑን እያሸ መጣ። አንድ በአንድ አየው። እትዬ ፈገግ ያፍራል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን የመጨረሻውን ፎቶ ጎንበስ ብሎ ደጋግሞ አየውና ደስ አለው።

«ይሄን ትልቅ አድርጋችሁ አትሙትና በሩ ላይ ስቀሉት» አለ። «ከነአፌ፤ ምንም እንዳትነኩት። ለወንበሬ ማስታወቂያ ይሆነኛል።»

ሰቀሉት። ሳምንቱ ሳያልቅ ሁለት ሰዎች ሊያዝዙ መጡ፤ ፎቶ ሳይሆን ወንበር።